ከቡሉኮዬ ሥር ስለነበረው የለማጅ ሰሌዳ

ለተከበሩ የለማጅ ሰሌዳ ሰጪና የመንጃ ፈቃድ ነጣቂ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት።

ከወንበርዎ ከፍታ ጋር በሚመጣጠን መጠን ጎንበስ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መዋል ወገብ ይጎዳል ሲሉ ስለምሰማ ነው። ባለቤትዎና ልጆችዎ ደህና ናቸው? የቢሮዎ በርስ እንዴት ከርሟል? እኔ ስመጣ ወለል ይላል፤ የባጃጅ ሹፌሩ ሙሐሲን ሲመጣ ግን አልከፈትም ይላል አሉ፣ እና ማጠፊያው አሞት ይሆን ብዬ ሠጋሁ። እኔ በበኩሌ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝም ደህና መሆኔ ነው።

ስሜ ደበበ ጂግሶ ይባላል። ዕድሜዬ ስልሳ ዘጠኝ ነው። የዲላ ነዋሪ ነኝ፣ ወደ ቡሌ በሚያወጣው መንገድ ላይ ቡናና እንሰት አለኝ፣ በሶንጎ ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጬ የሰው ጠብ ስፈታ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ እጄ በወረቀት ላይም ይንገዳገዳል። ልጻፍልህ ያለኝ ሰው ነበር፤ እምቢ አልኩ። እምቢ ማለት እችልበታለሁ። ማንበብ ካስቸገርዎ ጮክ ብለው ያንብቡት፣ ቢሮው ሁሉ ቢሰማው ደስ ይለኛል።

ነገሩ እንዳይጠፋብዎ አስቀድሜ ልንገርዎ። የፊታችን ሰኞ የሙሐሲንን መንጃ ፈቃድ ለአንድ ዓመት ልታግዱ ቀጠሮ ይዛችኋል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዚህ በታች ያለው አቤቱታዬ ይህን እንዳልናገር ስላደረጋችሁልኝ እርዳታ ነው።

አንደኛ፦ ሰሌዳችሁ።

ባለቤቴ ሸዋአለም ካረፈች ሦስት ዓመት ሞላት። መቃብሯ በእርሻችን ዳር ነው። እሑድ እሑድ በእግሬ እወጣ ነበር፣ ዘንድሮ ግን ጉልበቴ ሰነፈ። ልጆቼ ባጃጅ እንኮናተርልህ አሉኝ። ሚስቴን ለመጠየቅ ሰው አያደርሰኝም ብዬ ቡናዬን ሸጬ ሞተር ገዛሁ፣ መንዳትም ጀመርኩ። መሥሪያ ቤታችሁ ታዲያ በሚያስደስት ትሕትና፣ እስክፈተን ድረስ ከሞተሬ ኋላ የሚሰቀል ቢጫ ቆርቆሮ ሰጠኝ። በቀይ ቀለም «ለማጅ» ይላል። ፊደሉ ከሱቅ ማስታወቂያ ይገዝፋል፤ እኔ እንኳ ያለ መነጽር አነበብኩት። ለዓይኔ ስላሰባችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

አርባ ባልና ሚስት ያስታረቀ ሰው ይህን ለጥፎ በገበያ ሲያልፍ ምን እንደሚባል ግን ደንባችሁ አልጻፈም፤ ልሙላላችሁ። የባጃጅ ተራ ልጆች «አባባ፣ መቼ ነው የሚመረቁት?» ይላሉ። አቮካዶ ሻጮቹ «ኧረ ገለል በሉ፣ ለማጁ መጣ!» እያሉ ቅርጫታቸውን ይሰበስባሉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ «ፋዘር ፍሬሽ ነው» አሉኝ። ፍሬሽ ማለት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ማለት መሆኑን ተከራዬ ሄርሜላ አስረዳችኝ፤ ስታስረዳኝ እሷም ሳቀች። ለአንድ ወር ቻልኩት። ለአንድ ወር ብቻ።

ሁለተኛ፦ ደንባችሁ።

ሰሌዳውን ስቀል ይላል እንጂ ቡሉኮ አትልበስ አይልም። ለዚህ ክፍተት ልዩ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ሰሌዳውን እንደተሰቀለ ተውኩት፣ ቡሉኮዬን ለበስኩ፣ የቡሉኮዬም ጫፍ ከመቀመጫው ኋላ ወርዶ ቆርቆሮውን ሸፈነው። ነፋስ አይደለም ያወረደው፤ እጄ ነው። እንዳይነሳ ከመቀመጫው ብረት ሥር የሸጎጠውም ይኸው እጄ ነው። በመጀመሪያው ቀን ማንም አልሳቀም። በሁለተኛው ቀን የባጃጅ ተራ ልጆች ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ደህና ዋሉ አባባ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ማን ያነሳዋል?

ሰው ቢጠይቀኝ ሰሌዳዬ ተሰቅሏል እል ነበር፣ ውሸትም አይደለም። በሶንጎ ፊት ቆሞ እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጠኝ ሰው ቢመጣ ግን፣ ከጥፋቱ ይልቅ ስለ መልሱ እቀጣው ነበር።

ሦስተኛ፦ አቀበቱ።

ይህን እናንተ አልሠራችሁትም። ከአሥራ አንድ ቀን በፊት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወደ ቡሌ የሚያወጣውን ዳገት እየወጣሁ ሳለ ማርሽ መቀነስ ሲገባኝ ሳልቀንስ ሞተሩ ጠፋብኝ። ፍሬን ልይዝ ብዬ ፍሪሲዮን ያዝኩ። ሞተሩ ወደ ኋላ ተንከባለለ። ከኋላዬ ሙሐሲን በባጃጁ ነበር፤ ሽማግሌ ነው፣ የሚያደርገውን ያውቃል ብሎ ተጠግቶኛል። ሰሌዳውን ቢያይ ይርቅ ነበር። ቆርቆሮው ለካ በእኔ ለማሳቅ ሳይሆን እሱን ለማስጠንቀቅ ነበር የተሰጠኝ። ይህ የገባኝ ወደ ኋላ እየሄድኩ ሳለሁ ነው።

እኔን ከሚጨፈልቅ ብሎ መሪውን ወደ ቦዩ ጠመዘዘ። ባጃጁ ተገለበጠ። ውስጡ መሰለች ነበረች፤ ቡና መጋዘን ውስጥ ለቀማ የምትሠራ፣ በሁለት እጇ ካልለቀመች የማይሆንላት ሴት። ግራ ክንዷ ተሰበረ። እኔ ሞተሩ ዘንበል ሲል ጉልበቴን ድንጋይ ላጠኝ። ተላጥኩ፣ በቃ። ከሞተሩ እንኳ አልወረድኩም።

አራተኛ፦ የትራፊክ ፖሊሳችሁ ጨዋነት።

ምንኛ የታረመ ልጅ ነው! እንደደረሰ ወደ እኔ ሮጦ «ተጎዱ እንዴ አባባ?» አለኝ። መሰለች ያን ጊዜ ቦዩ ውስጥ ክንዷን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሙሐሲን ጭቃ በጭቃ ሆኖ ወጣና «ወደ ኋላ መጡብኝ እኮ! ለማጅ ናቸው፣ ለማጅ ካልሆነ እንዲህ የሚነዳ የለም!» ብሎ ጮኸ። ፖሊሳችሁ ፊቱ ተለዋወጠ። «አንተ ባለጌ! አባትህ የሚሆኑትን ሽማግሌ ለማጅ ብለህ ትሰድባለህ?» አለው። ሙሐሲን «ስድብ አይደለም ወንድሜ፣ ጠይቃቸው» አለ። «ለማጅ ቢሆኑ ሰሌዳ የታለ? ምን ልጠይቅ?» አለው።

ቀጥሎም እኔን ከላዩ ሳያስወርድ ሞተሩን ከኋላ ገፍቶ ዳር አስያዘልኝ። እጁና ሰሌዳው አንድ ስንዝር አይራራቁም ነበር፤ በመካከላቸው ያለው ቡሉኮዬ ብቻ ነው። በእኛ አገር የሽማግሌ ቡሉኮ የሚገልጥ ሰው የለም፤ እሱም አልገለጠውም። ስላከበረኝ አመሰግነዋለሁ። ለማጅ ነህ ወይ ብሎ አፍ አውጥቶ ቢጠይቀኝ ኖሮ እመልስ ነበር እያልኩ አሥራ አንድ ቀን ራሴን ሳጽናና ቆይቻለሁ። እሱ ሊጠይቀኝ አፈረ፣ እኔ ልናገር አፈርኩ፣ የሙሐሲን መንጃ ፈቃድ ተሳፋሪ ገልብጧል ተብሎ ወደ ፖሊሱ ኪስ ገባ።

አምስተኛ፦ ይቅርታዬ።

አደጋው በደረሰ በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ የሙሐሲን እናት ወይዘሮ ሀዲጃ፣ ያቺ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጠው፣ ሁለት ሽማግሌ አስቀድማ ደጄ መጣች። ልጇንም ይዛዋለች። ሽማግሌዎቹ «ልጁ በንዴት አፉ አምልጦት ሰድቦዎታል፤ ልጅ ነውና ይማሩት» አሉ። እሷ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች፣ የተላጠውን ስታይ «ውይ የኔ አባት!» ብላ እጇን ሰበሰበች። ሙሐሲን ከኋላ ቆሟል። እንደ ጥፋተኛ መሬት መሬት አላየም፤ የሚያየው እኔን ነው።

እና ምን ያልኩ ይመስልዎታል? ሃያ ሁለት ዓመት የሰው እውነት ሲያጣራ የኖረው ደበበ ምን አለ? «ይቅር ብዬዋለሁ፣ ልጅ ይሳሳታል» አልኩ። እውነቱን ብቻ የተናገረውን ልጅ ማርኩት! ሽማግሌዎቹ ስለ ደግነቴ መረቁኝ። ከሙሐሲን በቀር ሁሉም አሜን አለ።

እሑድ መጣ፣ ወደ ሸዋአለም አልሄድኩም። ዳገቱን ፈርቼ አይደለም። እሷ ዘንድ ስደርስ የሳምንቱን ወሬ መንገር ልማዴ ነው፤ ይህን ምን ብዬ ልንገራት?

ስድስተኛ፦ መስተንግዷችሁ።

ዓርብ ቢሮዎ ድረስ መጣሁ። ብድግ ብለው ወንበርዎን ለቀቁልኝ፣ ሻይ አስመጡ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እኔ ለማጅ ነኝ አልኩዎት። እርስዎ እጄን በሁለት እጅዎ ይዘው ወደ ጸሐፊዎ ዞሩና «አየሽ የድሮ ሰው? የልጁን ጥፋት በራሳቸው ሊወስዱ መጡ!» አሏት። ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ ለመናዘዝ መጥቼ ቅዱስ ሆኜ ወጣሁ።

ሰኞ ተመለስኩ። ዋዛ እንዳይመስልዎ ቆርቆሮውን ፈትቼ ጠረጴዛዎ ላይ አስቀመጥኩት። «ኧረ ይቺማ ለሥነ ሥርዓት ያህል ናት አባባ፣ እርስዎ ከማን ሊማሩ?» ብለው ሳቁና በጋዜጣ ጠቅልለው መለሱልኝ። ሌላ ሻይ መጣ። ስኳሩ በዛ እንጂ ሻዩ መልካም ነበር። ስወጣ ሙሐሲን ከግቢው በር ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ከጠዋት ጀምሮ ነገ ና፣ ነገ ና እያሉት ነው። ያለ ፈቃድ ስለማይነዳ ባጃጁን ባለቤቱ ለሌላ ሰው ሰጥቶበታል። «ሙሐሲን፣ ነግሬአቸዋለሁ» አልኩት። «ሰማሁ አባባ፤ ደግ ሰው ነዎት እያሉ ነው» አለኝ። በሕይወቴ ብዙ ሰው ሰድቦኛል፣ እንደዚህ የወጋኝ ግን የለም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ በጆሮዎ ስላልገባ በጽሑፍ አደረግኩት። አንዱን ቅጂ በባጃጅ ተራ፣ አንዱን በዩኒቨርሲቲው በር፣ አንዱን በሶንጎው ደጅ፣ አንዱን በራስዎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ሻይ አጠጥተው የማይጨርሱት ብዛት ያለው ሰው ያንብበው ብዬ ነው። የምለምነው ብዙ አይደለም። የሙሐሲን መንጃ ፈቃድ ይመለስለት። በመዝገቡ ላይ በእሱ ስም የተጻፈው ሁሉ ተሰርዞ በእኔ ስም ይጻፍ። ቅጣቱ ለሌላ ሰው የሚሆነውን ያህል ይሁን፤ ስለ ሽበቴ አንዲት ቀን እንኳ ብትቀንሱልኝ የበላይ አካል ዘንድ እከስሳችኋለሁ። መሰለችን ማሳከም የእኔ ነው፣ ለዚያ የእናንተን ፈቃድ አልጠይቅም።

በሶንጎ ከመቀመጫዬ ተነስቻለሁ። ወይዘሮ ሀዲጃ ዘንድ ሽማግሌ ልኬ ይቅርታ ልጠይቅ ስል ግን የሚሄድልኝ አጣሁ፤ ሁሉም «አንተ ራስህ ሽማግሌ አይደለህም እንዴ፣ ምን ሽማግሌ ያስፈልግሃል?» ይለኛል። እንግዲህ ብቻዬን እሄዳለሁ። ደጇ ላይ እቆማለሁ። ግባ ብትለኝ እገባለሁ፣ ባትለኝም ቆሜ እውላለሁ፤ ልጇ ከእናንተ በር ላይ ከቆመው አይበልጥም።

በመጨረሻም፣ ከወንበርዎ የሚያስነሳዎት ሽማግሌ እንጂ እውነት እንዳይመጣብዎ እየተመኘሁ፣ ስላሳዩኝ ክብር፣ ስላልጠየቁኝ ጥያቄ፣ ስላልሰሙኝም ኑዛዜ ያለኝን ወሰን የለሽ ምስጋና በእጅጉ ዝቅ ብዬ እገልጻለሁ።

አክባሪዎ፣
ደበበ ጂግሶ
ተከሳሽ ለመሆን አመልካች

ማስታወሻ፦ በመዝገባችሁ ላይ «የዓይን ምስክር አልተገኘም» የሚል መጻፉን ጸሐፊዎ ነግራኛለች። መሰለች ባጃጁ ውስጥ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ ተቀምጣ ነበር፤ ከእናንተ ወገን እስከ ዛሬ ያናገራት የለም። እኔም ብሆን የሄድኩት ትናንት ነው። ክንዷ በጄሶ ታስሯል። ያየሽው ነገር አለ ወይ አልኳት። «ወደ ኋላ ሲመጡ ቡሉኮዎ ለአፍታ ተነስቶ ሲመለስ ቢጫውን ቆርቆሮ አይቼዋለሁ» አለችኝ። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ብላት፣ «እርስዎ ይናገራሉ ብዬ እየጠበቅኩ ነው አባባ» አለች። ቀኝ እጇ ደህና ነው፣ መፈረም ትችላለች። እስከ ትናንት ያስጠበቅኳት እኔ ነኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ የሚያስጠብቋት እርስዎ ነዎት።