ከጠርሙሱ የወጣው ኪኒን

ለባለቤቴ እናት፣ ለእኔም እናቴ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? የደሴ ብርድ ጉልበትዎ ላይ ጠና ወይስ ቀለል አለልዎ? የቧንቧ ውሃ ሰፈር ጎረቤቶችስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ የኮምቦልቻ ሙቀት ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ።

እናቴ፣ ልጠይቅዎት ስመጣ ፊትዎ ተቀምጬ ልነግርዎት ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። አፌ እምቢ ስላለኝ በወረቀት መጣሁ።

የማጸዳው መድኃኒት የሚመረመርበትን ክፍል መሆኑን ያውቃሉ። እዚያ ፍሪጅ የሚመስል ሣጥን አለ፤ ግን የሚያሞቅ ነው። ኪኒኑን ከትተው በሙቀትና በእርጥበት ወራት ያቆዩታል፤ እንዴት እንደሚበላሽ ለማወቅ። ነፃነት የምትባለዋን መርማሪ፣ ምን አድርጓችሁ ነው ብላት ሳቀች። "እትዬ፣ እዚህ ቁም ስቅሉን የምናሳየው እናንተ ቤት ገብቶ እንዳያሳፍረን ነው" አለችኝ።

ባለፈው ወር፣ ባለቤቴ ሚስባህ ከምላሱ ሥር ያደርገው ስለነበረው የልብ ኪኒን ጠየቅኋት። ከጠርሙሱ ወጥቶ ጨርቅ ውስጥ ከሰነበተ ኃይሉ ተንኖ እንደሚያልቅ፣ መልኩ ግን እንዳለ እንደሚቆይ ነገረችኝ። መወልወያዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ያኔ መድኃኒት ቤት ይሠራ የነበረው ልጅዎ ጀላል ኪኒኑን ሲያመጣ፣ "እታለም፣ ከጠርሙሱ እንዳታወጪው" ብሎኝ ነበር። የመድኃኒት ሻጭ ወግ መሰለኝ። ቡናማዋ ጠርሙስ አምራኝ ለእህቴ ልጅ ሠርግ ሽቶ ቀዳሁባት። ኪኒኑን በሚስባህ ሽርጥ ጫፍ ቋጠርኩለት፤ መንገድ ሲወጣ እንዳይረሳው ብዬ። ወር ያህል ቆይቶ ደጋን ገበያ ላይ ልቡን ሲይዘው ከምላሱ ሥር አደረገ። አልረዳውም።

ለቅሶው ላይ እርስዎ ጀላልን፣ "ጊዜው ያለፈበት አምጥተህ ወንድምህን ገደልክ፤ ደጄን እንዳትረግጥ" ሲሉት አጠገብዎ ነበርኩ። ሻሼን ፊቴ ላይ ሳብኩ። በሦስተኛው ቀን ጠርሙሷን ጉድጓድ ጣልኳት። ያኔም ልቤ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ይኸው ሰባት ዓመት።

ባለፈው ጁምዓ ጀላልን ፈልጌ ሁሉንም ነገርኩት። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። "ጠርሙሷን በለቅሶው ቀን መደርደሪያው ላይ አይቻታለሁ፤ ሽቶ ሽቶ ትል ነበር" አለኝ። ታዲያ ምነው ዝም አልክ ብለው፣ "እናቴ አንዱን ቀብራ፣ አንዱን አባርራ፣ አንቺንም ብታባርር ውሃ ማን ያቀብላት ነበር?" አለ።

ወላሂ እናቴ፣ የሰበረኝ ይህ ነው።

ለራሴ አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ ለማለት አልደፍርም። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ የልጅ ልጅ ያሳይዎት። ዓይንዎ ከደከመ ወዲህ ደብዳቤ በሰው ነው የሚያስነብቡት፤ የዛሬውን አንባቢ ከሰላምታው ጀምሮ በድምፁ እንዳወቁት አልጠራጠርም። ዛሬም ቃልዎን አልጣሰም፤ ከበሩ ደፍ ውጭ ቆሞ ነው የሚያነብልዎት። ግባ ይበሉት።

ምራትዎ