የስንደዶ ዘውድ

ሰበታ፣ ግንቦት 23 ቀን 1953 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ጃራ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? እኛ ደኅና ነን ብዬ እንዳልጀምር ደብዳቤው ገና ከመነሻው ውሸት ይሆንብኛል። በሕይወት አለን፤ አባባም ይንቀሳቀሳሉ፤ ላሚቱም ወልዳለች። ከእሑድ ወዲህ የሆነውን ግን ልንገርህ። ይህን የሚያመጣልህ የጭነት መኪና ሹፌሩ ዲኖ ነው። ወደ ጅማ ሲወርድ እናንተ ያላችሁበት የእስር ሰፈር በር ላይ ይቆማል፤ ከዘበኞቹ አንዱ የአገሩ ልጅ ነው አሉ። ደብዳቤውን ካልሲው ውስጥ እንዲደብቀው ለምኜዋለሁ። አንብበህ አቃጥለው፤ እሳት ካጣህ ደግሞ ዋጠው። የእኔን ወጥ ስትበላ የኖርክ ሰው ወረቀት አያቅትህም።

የንጉሥ ካሌብን በዓል መቼም አልረሳኸውም። እኛ የሰበታ ካቶሊኮች ስንቆጠር ስንት ነን? ግንቦት ሃያ ሲሆን ግን ከቡራዩ በእግር፣ ከሱሉልታ በፈረስ እየመጡ ቤተ ክርስቲያኗ መቆሚያ ታጣለች። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ለቅዱሱ ንጉሥ መቁጠሪያ ሲደገም ይሰነበትና በበዓሉ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ንግግር ይደረጋል። ከአዲስ አበባ የሚጋበዘው መምህር ካርታ ዘርግቶ ስለ ቀይ ባሕርና ስለ ናግራን ክርስቲያኖች ያስረዳል፤ አንተ ሁልጊዜ የምትተኛው እዚያ ላይ ነበር። የመጨረሻው ንግግር ግን የአባባ ነው። እሱን ተኝቶ ያሳለፈ ሰው አላውቅም።

አባባ እንደ መምህሩ አያስረዱም፤ ያወራሉ። «ካሌብ ነገሠ» ሲሉ እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከስንደዶ የሰፋችውን ዘውድ ራሳቸው ላይ ይደፋሉ። ዘውዱን እንደደፉ ባሕር ይሻገራሉ፤ ይዋጋሉ፤ ድል አድርገው ይመለሳሉ። መጨረሻ ላይ ንጉሡ ዘውዱን አውልቆ ወደ ኢየሩሳሌም ሰደደ፣ እሱም ሰሌኑን ይዞ ገዳም ገባ የሚለው ጋ ሲደርሱ ዘውዱን አውርደው ግድግዳው ላይ ከመስቀሉ ሥር ካለችው ምስማር ላይ ይሰቅሉታል። ያን ጊዜ ሁላችንም ብድግ እንላለን። ብድግ በሉ የሚለን የለም፤ እንዲያው እንነሣለን። ዘውዱም እስከ ዓመቱ እዚያው ተሰቅሎ ይከርማል። እማዬ ካረፈች ወዲህ የምሰፋው እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ግን ንጉሥ ዘውዱን አወረደ ተብሎ የሚወራበት ዓመት አይደለም። ይህን ለአንተ አልነግርህም። የታኅሣሡ ግርግር አንዲት ጥይት ሳትተኩስ ከክብር ዘበኛ ሰፈር ጠራርጎ ከወሰደህ ወዲህ እዚህ ሰው ሰላምታውን እንኳ ዙሪያውን አይቶ ነው የሚሰጥ። የማኅበራችን ሰብሳቢ ኦቦ ኩምሳ በግርግሩ ማግስት የአምናውን ዘውድ ከምስማሩ አውርደው ምድጃ ውስጥ ጨመሩት። እኔም ክፉ አፌ አላስችል ብሎኝ «ዘውድ ማቃጠሉስ አያስከስስም ኦቦ ኩምሳ?» ብላቸው ስንት ቀን እንቅልፍ አጡ መሰለህ!

አንተን የሚያስፈታው ወረቀት የወረዳው ገዥ የፊታውራሪ ብዙነህ ጠረጴዛ ላይ ነው። የዚህ ልጅ ቤተሰብ ታማኝ ነው ብለው ማኅተማቸውን ካሳረፉበት ትወጣለህ፤ ካላሳረፉበት ግን ምን እንደሚሆን የሚነግረን ሰው የለም። እንግዲህ እኚሁ ፊታውራሪ ናቸው በበዓሉ ሰሞን «ካሌብ የሁላችንም ንጉሥ ነው፤ ዘንድሮ እኔም እገኛለሁ» ብለው የላኩብን። አስበው ጃራ።

ኦቦ ኩምሳ ሽማግሌዎቹን ይዘው ቤታችን መጡ።

«ኦቦ ቀጄላ፣ ድል አድርጎ ተመለሰ በሉና ቁጭ በሉ» አሏቸው አባባን። «ዘውዱም ይቅር። ዝም አይነቅዝም።»

«ሕፃኑ ሁሉ የሚያውቀውን ታሪክ አጋምሼ ልተወው?»

«ለዘንድሮ ብቻ ነው ያልነው! ልጅዎ መውጣት የለበትም?»

አባባ ወደ እኔ ዞሩ። ምን እንድላቸው እንደፈለጉ ገብቶኝ ነበር፤ ግን አላልኩም። «አባባ፣ እኔስ ጃራ ይበልጥብኛል» አልኳቸው።

«ከቅዱሱ?»

«ከቅዱሱም።»

ይህን ማለቴን ለአባ ስናዘዝ እነግራቸዋለሁ፤ የተጸጸትኩ ለመምሰል ግን አልሞክርም። አባባ «ኢሺ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ እንዳልሽ» አሉ። ስንደዶዬም ቆጥ ላይ እንዳለ ቀረ።

እሑድ ፊታውራሪ ሁለት ፖሊስ አስከትለው መጡ። ከፊት ወንበር ተሰጣቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁና የሚያስቀምጡበት አጥተው ግራ ቀኝ ሲያማትሩ፣ ምን ታየኝ መሰለህ? ተነሥተው ሄዱና ከመስቀሉ ሥር ያለችው ምስማር ላይ ራሳቸው ሰቀሉት! ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ «ዋይ!» ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሊነግራቸው የሚደፍር ማን ነው? መምህሩ ካርታውን ዘርግቶ ሲያስረዳ አንዲት ቃል አልሰማሁም።

አባባ ተነሡ። ያን ድምፃቸውን ታውቀዋለህ፤ ሲጀምሩ ለስለስ ይላል። «ካሌብ ነገሠ» ሲሉ እጃቸው ሳያስቡት ወደ ራሳቸው ሄደና ሽበታቸውን ዳብሶ ባዶውን ተመለሰ። ባሕሩን ተሻገሩ፣ ተዋጉ፣ ድል አደረጉ። «በደስታም ወደ አገሩ ተመለሰ» አሉና ቆሙ። ልማድ ክፉ ነው፤ ከሱሉልታ የመጡት አሮጊቶች ለመነሣት ወንበራቸውን ተደግፈው ነበር። ኦቦ ኩምሳ ራሳቸው፣ ያን ሁሉ የመከሩት ሰውዬ፣ ከወገባቸው ብድግ ብለው እንዳጎነበሱ ቀሩ። የሁሉም ዓይን ምስማሩ ላይ ነበር። ምስማሩ ላይ ያለው ደግሞ የፊታውራሪ ባርኔጣ ነው።

«ከዚያስ፣ አባቴ? መጨረሻው ምን ሆነ ይላሉ?» አሉ ፊታውራሪ።

አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከዚያማ ጌታዬ... አረጀ።»

ፊታውራሪ ሳቁ። «እሱማ ሁላችንም እናረጃለን!» አሉና አጨበጨቡ። እኛም ሳቅን፣ አጨበጨብን፤ የእኛስ ሳቅ የጥርስ ነበር። እስከ ደጅ ሸኘናቸው፣ መኪናቸው ውስጥ ገቡ፣ አቧራቸውን አልብሰውን ሄዱ። እፎይ ብለን ስንመለስ ባርኔጣው ምስማሩ ላይ አለ።

እንግዲህ ማን ይንካው? ኦቦ ኩምሳ «እኔ አልነካውም፣ ለእኔ አትበሉኝ» ብለው ሸሹ። ቢቀመጥ በገዥው መሳለቅ ሊሆን፣ ቢወርድ ደግሞ ባርኔጣቸውን አወረዱ ሊባል ነው። ሰኞ ጥዋት አባ ሲቀድሱ ባርኔጣውም ከመስቀሉ ሥር ሆኖ አብሮን አስቀደሰ። ማክሰኞ አባባ በንጹሕ ነጠላ ጠቀለሉትና «እኔ አደርሳለሁ፤ በዚያውም የልጄን ነገር እጠይቃለሁ» ብለው ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄዱ። ልከተላቸው ብል «ሂንሶዳትን፣ አትፍሪ» ብለው መለሱኝ። ራሳቸው ግን በትራቸውን ረስተው ነበር የወጡት።

ሲመለሱ መንገድ ላይ ሮጬ ተቀበልኳቸው። «ታተመ?» አልኳቸው። «አልታተመም» አሉኝ። ቤት ገብተው ውኃ ጠጡና የሆነውን ነገሩኝ።

እሑድ አንቱ ሲሏቸው የዋሉት ሰውዬ ማክሰኞ አንተ አሏቸው፤ ወንበርም አልሰጧቸው። ባርኔጣውን ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና «ይህን የሰቀልኩበት ምስማር የምንድን ነው? ሰዉ ሁሉ አንተን ትቶ እሱን ሲያይ ነበር» ብለው ጠየቋቸው። አባባ ሁለተኛ መዋሸት አልሆነላቸውም። የካሌብ ዘውድ መስቀያ ነው አሉ። ዘውዱስ የት አለ? ዘንድሮ አልተሰፋም። ለምን አልተሰፋም? አባባ ባዶውን ነጠላ ያጣጥፉ ጀመር።

ከዚህ በኋላ ፊታውራሪ ያሏቸውን አባባ ቃል በቃል ነው የነገሩኝ፤ እኔም ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ። «የካሌብን መጨረሻ የማላውቅ መሰለህ? ልጅ ሆኜ የኔታ በአርጩሜ ነው ያስጠኑኝ። ዘውዱን አውልቆ መነኮሰ፤ ይህን አገር ያውቀዋል። እንደ ወትሮህ ብትነግረኝ ሰምቼ፣ አሜን ብዬ እሄድ ነበር። ስትደብቀኝ ግን ምን አስባችሁ እንደደበቃችሁኝ ማወቅ አለብኝ።»

ያን ስሰማ ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። እኛው ነን እኮ ጃራ! ከእሑድ በፊት ወንጀል የሚባል ነገር አልነበረም። የድሮ ንጉሥ፣ የድሮ ታሪክ፣ የሣር ዘውድ ነበር። ፈርተን የሸሸግነው ጊዜ ነገር ሆነ።

ከዚያ ፊታውራሪ ያንተን ወረቀት ከመሳቢያቸው አወጡና እጃቸውን ጫኑበት። «እሑድ ተመልሼ እመጣለሁ። ያንኑ ሰው ሰብስብ። ዘውዱንም ድፋና እንደ ልማዳችሁ እስከ መጨረሻው ንገረኝ። ከዚያ እወስናለሁ።» ምን እንደሚወስኑ አልተናገሩም። ባርኔጣቸውን ደፍተው በሩን በዓይናቸው አሳዩዋቸው።

ትናንት ማታ ሽማግሌዎቹ መጥተው ነበር። ኦቦ ኩምሳ ላብ በላብ ሆነዋል። «ወጥመድ ነው! ዘውድ ደፍቶ ዘውድ የሚያወርድ ገበሬ፣ ሁለት ፖሊስ ምስክር፣ ልጁ ደግሞ እስር ቤት! የልጆች ጨዋታ ነበር፣ ዘውድ የሚባል የለንም በሉ።»

አባባ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «ዝም አይነቅዝም አላልከኝም ኩምሳ? ነቀዘ እኮ፤ አየነው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የምሰፋው እኔ ነኛ። አባባ ባዶ እጃቸውን ከቀረቡ ውሸታም ይባላሉ፤ ዘውዱን ደፍተው ከቀረቡ ምን እንደሚባሉ አላውቅም። የቱ አንተን እንደሚያስፈታ፣ የቱ እንደሚያስቀርህ ሳወጣ ሳወርድ አነጋሁ። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? ደርሶብናል። ከደረሰ ወዲያ ደግሞ መደበቂያው አለቀ። ጥዋት ቆጥ ላይ ወጥቼ እማዬ ትታልኝ የሄደችውን ስንደዶ አወረድኩና ውኃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት።

አሁን እየሰፋሁ ነው፤ አንድ ዙር ሰፍቼ አንድ አንቀጽ እጽፍልሃለሁ። ወስፌው ሁለት ጣቴን ወግቶኛል። ወረቀቱ ላይ የምታየው ነጠብጣብ እሱ ነው፤ አትደንግጥ። እማዬ የመጀመሪያውን ዘውድ ስትሰፋ ልኩን መጀመሪያ የሞከረችው አንተ ራስ ላይ ነበር፤ ጭኗ ላይ ተኝተህ፣ ጣትህን እየጠባህ። እኔም ዛሬ የአባባን ራስ አልለካሁም። ያንን ትተኸው የሄድከውን አሮጌ ኮፍያ ፈልጌ አገኘሁት፤ ልኩን የወሰድኩት ከእሱ ነው። ራስህ ዱባ ማከሉን ረስቼው ኖሮ ስንደዶው አልበቃ ሊለኝ ነው። አባባ ላይ ይሰፋል፤ ወደ ዓይናቸው እየወረደ ያስቸግራቸዋል። ያስቸግራቸው። በአንድ እጃቸው ደግፈው ያውሩ።

መጀመሪያ ላይ አቃጥለው ብዬህ ነበር፤ ሌላ ወረቀት ስለሌለኝ ነው ያልሰረዝኩት። ተወው፣ አታቃጥለው። ዲኖንም ከካልሲህ አውጥተህ በእጅህ ያዘው እለዋለሁ። ዘበኛው አንብቦ ይስጥህ፤ እሱም ንጉሥ ካሌብን ያውቀዋል። ይህን ስል የደፈርኩ እንዳይመስልህ፤ በጣም ነው የምፈራው ጃራ። እሑድ ምን እንደምናመጣብህ አላውቅም። መሸሸጉ የሚያመጣውን ግን አይቼዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። እሑድ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ፣ አባባ ያንተን ልክ ከራሳቸው አውርደው ምስማሩ ላይ ሲሰቅሉት፣ እኛ እዚህ ሁላችንም ብድግ እንላለን። አንተም እዚያ ባለህበት ብድግ በል። ለምን ተነሣህ የሚልህ ካለ፣ አትደብቀው፤ ንገረው።

ያንተው እኅት
ወርቅቱ ቀጄላ