ልጆቻችንን የት ላሳድራቸው?

የኔ ኪሮስ፣

ከተለየኸን ዓመት አልፎ ወራት ተጨመሩበት። ተዝካርህን እንደ አቅማችን አውጥተናል። እናትህ ከቆላው፣ ከዝቋላ "በቃሽ፣ ለልጆቹ ስትዪ ከልሽን አውልቂ" ብለው ደጋግመው ልከውብኝ ነበር፤ አልሰማኋቸውም። አንተ እያለህም ቶሎ እሺ የምል ሴት አልነበርኩም፤ ይህንን እንኳ ልንገርህ አያስፈልግም።

ቤታችን ደህና ነው። የስፌት መኪናዬን ከሱቁ አውጥቼ በረንዳው ላይ አድርጌዋለሁ፣ ልጆቹን እያየሁ እንድሠራ። የፀጋ የፊት ጥርሶች በቅለዋል። ስትስቅ ቁርጥ አንተን ስለምትመስል አንዳንዴ ዓይኔን ዞር አደርጋለሁ። አቤል "ረ" ማለት ችሏል። "ኪዮስ" እያለ ሲጠራህ ሆድህን ይዘህ ትስቅ የነበረው ቀርቷል፤ አሁን ስምህን አስተካክሎ ይጠራል፣ ሰሚው ግን የለም። ሚኒባሷ ግቢ ውስጥ ቆማ ዶሮዎች ከሥሯ እንቁላል ይጥሉ ነበር። ወንድምህ ገዥ እያመጣ ሲያሳያት እኔ ቁልፉ ጠፋ እላለሁ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፣ ከማተቤ ጋር።

ወሬው ብዙ ነው፤ ግን አንዱን ካልነገርኩህ ሌላው አይወጣልኝም። ልጆቹን ይዤ ሄድኩ። በመኪናችን፣ በየመንገዱ እያደርን፣ ልክ አንተ እንዳልከው።

እነዚያ ፈረንጆች መኪናቸው ውስጥ አልጋና ምድጃ ይዘው ሰቆጣ የመጡ ዕለት ትዝ ይልሃል? ልጆቻቸው በመስኮት ብቅ እያሉ ሲስቁ አይተህ እንቅልፍ አጣህ። በሳምንቱ የሚኒባሳችንን የኋላ ወንበሮች ነቅለህ የእንጨት ርብራብ መታህ። እኔም አልማርኩህም፤ ቤት ያለው ሰው መኪና ውስጥ የሚተኛው ከሚስቱ ሲጣላ ነው አልኩህ። ግን መጋረጃውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። የጥጡን ፍራሽ በሸራ ለብጬ ከመኪናዋ ወርድ ጋር ልክክ ያደረግሁትም እኔው ነኝ። ለልጆቹም ፋሲካ ሲያልፍ እያደርን ወርደን ተከዜን አሳያችኋለሁ ብለህ ቃል ገባህላቸው። ከዚያ ኩላሊትህ ቀደመህ። ሕመሙ ሲጠናብህ ከቤቱ ጫጫታ ሸሽተህ ቀን ቀን እዚያ ፍራሽ ላይ ትተኛ ነበር። ሸራውን አላጠብኩትም፣ ኪሮስ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ገብቼ በፊቴ እደፋበት ነበር። ጠረንህ እዚያ ነበር።

ዘንድሮ ሁዳዴው ሲጋመስ አቤል ጀመረኝ። ፋሲካ መቼ ነው የሚያልፈው? ዛሬ ነው? ነገ ነው? ለልጅ የሞተ ሰው ቃልም እንደ ሕያው ሰው ቃል ነው፣ መፈጸም አለበት። ወንድምህ ሲሰማ ጮኸ፤ ሴት ልጅ ሁለት ሕፃን ይዛ በረሃ ለበረሃ ምን ትሆናለች፣ ያሳለፍነው የመከራ ዘመን አንሶን ነው ወይ አለ። ጎረቤቱም ሐዘን አናቷ ላይ ወጣ ብሎ ተንሾካሾከ። ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽህም። ፍርሃቴ ግን ስለ መንዳቱ አልነበረም። ኳስ ሜዳው ላይ እየጮህክብኝ አስተምረኸኛል። ያስጨነቀኝ ማደሪያው ነው። መሽቶ ልጆቹን የት ነው የማቆማቸው? ከማን አጠገብ? አንተ ጭነት ይዘህ ስትወርድ ስትወጣ በዓይንህ ታውቀዋለህ፤ እኔ የማውቀው አንድ አነጋገርህን ብቻ ነበር። "ፈረንጆቹ ማደሪያ የሚመርጡት መጽሐፍ ገልጠው ነው። የእኛ መጽሐፍ ልጅ ነው፤ ልጅ ያየሽበት ቦታ ለልጅ ይሆናል" ትል ነበር። ፋሲካ እንዳለፈ እሷን ስንቅ አድርጌ ተነሣሁ።

የመጀመሪያው ቀን ደህና ነበር። ከሰቆጣ ብዙም ሳንርቅ ከአንድ ደብር አጥር ሥር አቆምኩ። የቆሎ ተማሪዎች ግቢው ውስጥ ውር ውር ሲሉ ሳይ ልቤ አረፈ። መሪጌታው ወጥተው ባረኩን፣ እዚህ የሚነካችሁ የለም አሉን፣ በሰላም አደርን። እኔም ልቤ አበጠ። ይሄማ ቀላል ነው፣ ኪሮስ ሲያካብደው ኖሯል አልኩ።

በማግሥቱ ወደ ቆላው ስንወርድ ሙቀቱ በረታ። አንድ መንገድ ዳር ጥላ አገኘሁ፣ ግን ጠላ ቤት ነበረበትና ወንዶቹ ገና በቀን ሞቅ ብሏቸዋል፤ አለፍኩት። አንድ ጉብታ ላይ ደግሞ ነፋሱ ደስ ይላል፣ ግን አቤል ከመኪና እንደወረደ ሮጦ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመ። በእጁ ጎትቼ መልሼ አስገባሁት፤ እሱ አለቀሰ፣ እኔ ተቆጣሁ። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነው። እንደዚህ ተጨንቄ ነው ከደረቁ ወንዝ የደረስነው።

ብታየው አንተም ትወደው ነበር። አሸዋው ለስላሳ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ዳር ዳሩን ትልልቅ ሾላዎች ጥላቸውን ጥለውበታል። ሴቶች አሸዋውን ቆፍረው በጣሳ ውሃ ይቀዳሉ። ልጆች ፍየሎቻቸውን እያጠጡ ይንከባለላሉ፣ ይሳሳቃሉ። ልጅማ ሞልቶታል። ወደ ታች ነዳሁ።

ከወንዙ በላይ ጎጆዎች ነበሩ። ደንቡን አጥቼው አይደለም። አንተ ብትሆን ከአጥሩ ውጪ ቆመህ "ቤቶች!" ብለህ ትጣራለህ፤ ማነው ሲሉህ የመሸበት እንግዳ ነኝ ትላለህ፤ ከዚያ ወዲያ ጭንቁ የእነሱ ነው፤ ሰውም መኪናም በእነሱ እጅ ያድራል። ሁሌ የምትጣራው ግን አንተ ነበርክ። እኔ ከል ለብሼ፣ ሁለት ልጅ አስከትዬ ከሰው አጥር ሥር ብጣራ ለማኝ የምመስል መሰለኝ። አፈርኩ። ማንንም ሳላስቸግር አድሬ እሄዳለሁ አልኩ።

ልጆቻችን ከአገሩ ልጆች ጋር ትንሽ ተጫወቱ። ከዚያ አንዲት ሴት ከላይ ሆና እጇን እያወናጨፈች በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣና ተጣራች። ልጆቹ ፍየሎቻቸውን ነድተው ወጡ፣ ሴቶቹም ተከተሏቸው። ሴትየዋ እንደገና ጮኸች፣ ይሄኛው ወደ እኛ ነበር። ከመሬታችን ውጡ የምትል መስሎኝ ልጆቹን አስገብቼ መስኮቱን ዘጋሁ። አንተ ብትኖር መልሰህ ትጮህላት ነበር፤ የእናትህ ቋንቋ ነው።

ዳቦ እየቆረስኩ ሳለ ጸጥታው ከበደኝ። ፀሐይ ገና አልገባችም። ሰዓቱ ውሃ የሚቀዳበት ሰዓት ነው፤ አሸዋው ላይ ግን ሰው የለም፣ ፍየል የለም፣ ጣሳው እንኳ ተነሥቷል። ቀና ብዬ ወደ ደጋው በኩል ሳይ ተራራው ጠቁሯል። እኛ ያለንበት ሰማይ ጥርት ያለ ነው። እዚያ ማዶ ግን ዝናቡ እየወረደ ነበር።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ልጆቹ እዚያ ይውላሉ እንጂ አያድሩም። እኔ የልጆችን መዋያ አይቼ ማደሪያ መረጥኩ።

ፀጋን ወንድምሽን ያዢና ወደ ዳገቱ ውጪ፣ ቁሚ እስክልሽ እንዳትቆሚ አልኳት። ሞተሩን አስነሣሁ፤ የኋላ ጎማዎቹ ተሽከርክረው ሰመጡ። አሸዋ ሲይዝሽ ነዳጅ አትርገጪ፣ ከጎማው ሥር የሚነክሰው ነገር አንጥፊ ብለኸኛል። የወለሉን ምንጣፍ አነጠፍኩ፣ ጎማው ወደ ኋላ ወርውሮ ጣለው። ውሃው ለመምጣቱ እርግጠኛ አልነበርኩም፣ ኪሮስ። መጠበቅ ግን አልደፈርኩም። ከመኪናው ውስጥ ከሁለቱ ጎማዎች ሥር ሊደርስ የሚችል አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል፤ እኔው ራሴ ከመኪናዋ ወርድ ጋር ልክክ አድርጌ የሰፋሁት።

ጎተትኩት። ከርብራቡ ሲነሣ ጠረንህ ሽው ብሎ መጣ፣ ቤንዚኑም የራስ ቅባትህም። እያለቀስኩና እየሰደብኩህ አነጠፍኩት። አዎ ሰደብኩህ፤ ጥለኸኝ ስለሄድክ። ከዚያ ገብቼ ቀስ ብዬ ረገጥኩ። ጎማው ነከሰ። ሚኒባሷ እያቃሰተች ዳገቱን ወጣችና ልጆቹ አጠገብ አቆምኳት።

እዚህ ላይ መተው ነበረብኝ። ዞሬ ሳይ ግን ፍራሹ ታች አሸዋው ላይ ተዘርግቷል፣ ደረቅ ነው፣ ውሃ የለም፣ ምንም የለም። በሩጫ ደርሼ እመለሳለሁ አልኩ። የዓመት ሐዘኔ ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ሌላ ምን አለኝ? መውረድ ጀመርኩ። ፀጋ ከኋላዬ ቀሚሴን ያዘችኝ። ልቀቂኝ አልኳት። አለቀቀችም። ጎተትኩ፤ ወገቡ ላይ ያለው ስፌት ሲተረተር ሰማሁት። እሷ ግን በሁለት እጇ ጨብጣ መሬት ላይ ተቀመጠችበት። "እማዬ፣ እሱ አባዬ አይደለም" አለችኝ።

ቆምኩ። ድምፁ የመጣው ያኔ ነው፤ ሙሉ ጭነት የያዘ ከባድ መኪና ዳገት ሲወጣ እንደሚያሰማው ዓይነት። ደራሹ ውሃ ቡናማ ሆኖ፣ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ የወንዙን መታጠፊያ ዞሮ መጣ። ፍራሹን መጀመሪያ ከፍ አደረገው፣ ሰው ጎኑን ሲለውጥ እንደሚያደርገው። ከዚያ ወሰደው። አቤል ወገቤን አቅፎ ይጮሃል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ፤ እኔን ሊወስደኝ የነበረው እያስለቀሰ ነው።

ከላይ የጮኸችው ሴት ወርዳ መጣች። ከእኔ ብዙም አትበልጥም፣ ፊቷ ግን በቁጣ ቀልቷል። በተሰባበረ አማርኛ ለቀቀችብኝ፦ "ጮህን እኮ! ውሃ ነው ብለን ጮህን! አንቺ መስኮት ትዘጊያለሽ? የመንግሥት ሰው መስለሽን፣ ለንቀት መስሎን! ቤቶች ማለት አፍ ያቃጥላል? እኛ እያለን አሸዋ ላይ ልጅ ይተኛል?" ሰድባኝ ስትጨርስ አቤልን አንሥታ አዘለችው፣ ትቀድመን ጀመር። ጎጆዋ ውስጥ የራሷ ልጆች በቁርበት ላይ ተደርድረው ይተኛሉ፤ የእኛን ከመሃላቸው አስገባቻቸው። የትኛው ልጅ የማን እንደሆነ መለየት እስኪያቅተኝ ድረስ ተጠጋግተው ተኙ።

በማግሥቱ እናትህ ዘንድ ደረስን፤ ተከዜንም ከሩቅ፣ ከከፍታ ላይ አሳየኋቸው። ቀርቤ አላሳየኋቸውም፣ ወኔዬ አልቆ ነበር። አቤል ድንጋይ ወርውሮ "ኪሮስ!" ብሎ ጮኸ። "ረ"ዋን እንዴት እንደጎተታት ብትሰማ። እናትህ ከሌን ከወገቡ ተተርትሮ አይተው ምን ሆነ ሲሉኝ ሾህ ያዘኝ አልኳቸው። እሳቸው ግን ፀጋን አዩአት፣ መልሰው እኔን አዩኝ።

ሰቆጣ ስንመለስ ከሌን አወለቅሁት። ለእናትህ ብዬ አይደለም። ሌላ ፍራሽም እየሰፋሁ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ እንደገና እንወርዳለን፣ ለዚያች ሴት የልጆቿን ልብስ ሰፍቼ ልወስድላት ቃል ገብቻለሁ። ከአጥሯ ውጪ ቆሜ እጣራለሁ። አላፍርም።

ጠረንህ የለም አሁን። ርብራቡ ላይ በፊቴ ስደፋ የሚሸተኝ እንጨት ብቻ ነው። አልረሳህም ብዬ መማል ለእኔና ለአንተ ነውር ነው፤ ልጆችህ በየቀኑ ፊትህን ይዘው ይነሣሉ። አንድ ነገር ግን እወቅልኝ፦ ወዳለህበት ለመምጣት አልቸኩልም። ያ ጥቁር ቀሚስ ተጣጥፎ ሳጥኔ ውስጥ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ከቁርስ በፊት ጠቅሜ የምጨርሰው ነገር ነበር። አልሰፋሁትም። የፀጋ እጅ እንደተወው ይቀመጣል።

ሚስትህ፣ ዓለምነሽ