የኮሶዬ ዳገት ቂም

ረቡዕ
ደሳለኝ ዛሬም አፉን ከፈተብኝ፤ ያውም በሽማግሌዎች ፊት። "ያች ማኪና ለሰርጉ ተነስታ ለመልሱ ትደርሳለች" አለ። ሁሉም ሳቁ። የአጎቴ ልጅ ነው፤ አዲስ መኪና ከገዛ ወዲህ ግን ዘመድነቱን ረስቶታል። አምና በሌላ ዘመድ ሰርግ አሮጌዋ መኪናዬ ዲኤክስ ኮሶዬ ዳገት ላይ ስትቆምብኝ፣ ሚዜዎቹን ወደ ራሱ መኪና አዛውሮ ክላክሱን እያምባረቀ ጥሎኝ ሄደ። አልረሳሁትም።

እሑድ እህቴ ማሪቱ ታገባለች፤ ሙሽራው የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ ነው፤ ከጎንደር የኮሶዬን ዳገት ወጥተን እናደርሳታለን። ደሳለኝ ሙሽሪትን እኔ ልውሰድ ይላል። እሷ ደግሞ ከአባቴ መኪና ሌላ አልገባም ብላለች። ዲኤክሷ የአባታችን ነበረች። ዳገቱ ላይ ደግማ ከቆመች ደሳለኝ ማሪቱን ከነቬሎዋ ይወስዳታል። ከዚያ በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ?

ሐሙስ
ርካሽ ርካሹን ጀመርኩ። ካንዴላዎቹን ቀየርኩ። የአየር ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ አውጥቼ ጣልኩት፤ ሞተሩ እንደ ልቡ ይተንፍስ። የጭስ ማውጫውን ማርሚታ አስቆረጥኩ። እንድትቀል ስኮርታ ጎማው፣ ክሪኩ፣ የአባቴ የመፍቻ ሳጥን ወረዱ። ካርቡሬተሩም ቤንዚን እንዲያጠጣ ተከፈተ። መካኒኩ አያ ታከለ፣ እላይ አየሩ ስስ ነው፣ ቤንዚን በዝቶባት ታፍናለች አለኝ። ሽማግሌ ሁሉ ፈሪ ነው ብዬ አለፍኩት።

ዓርብ
ከተማ ውስጥ በረረች። ፒያሳ ላይ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ከሰዓት ኮሶዬ ወጣሁ። ታፈነች። መቆሙን አልቆመችም፤ ግን በአንደኛ ማርሽ ብቻ ትንፏቀቃለች፣ ከኋላዋ ጥቁር ጭስ እየተፋች። ዳር አቁሜ አለቀስኩ። አያ ታከለ የሩቅ ለቅሶ ሄዷል፤ ሌሎቹ ከሰኞ በፊት አንነካም አሉኝ።

ቅዳሜ
አጎቴ፣ የደሳለኝ አባት፣ ሾፌሮቹን ሰበሰበን። አጃቢ ሲሽቀዳደም ሰው እየተጎዳ ነው አለ። "ሙሽሪት ፊት፣ ሌላው ኋላ። የቀደማት ልጄም ቢሆን ምርቃቴን አያገኝም።" እኔ መሬት መሬት እያየሁ ነበር።

ቤት ገብቼ ጋደም እንዳልኩ ቃሉን ደግሜ አሰብኩት። ሳቄ መጣ።

እሑድ
ደሳለኝን፣ አንተ የቅርብ ዘመድ ነህ ብዬ ልክ ከኋላዬ አሰለፍኩት። ደስ አለው። ዳገቱ ሲጀምር አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ነዳጅ ሰጠኋት። ነጩ መኪናው በመስታወቴ ውስጥ ግራጫ ሆነ፣ ከዚያ ጠፋ። ክላክሱን ነፋ፤ መቅደም ግን አልቻለም፣ አባቱ አጠገቡ ተቀምጧል። ማሪቱ ገብቷታል። "ቀስ በል ወንድምዬ፣ ማን ይቀድመናል" አለችኝ። እስከ ላይ ድረስ አጨስኩት።

አምባ ጊዮርጊስ ደርሰን ደሳለኝ ከመኪናው ሲወርድ ሱፉ የጋራዥ ልብስ መስሏል። "ምነው፣ ልትገድለን ነው?" አለ።

"ለመልሱ አደረስኩህ አይደል?" አልኩት። የረቡዕ ሽማግሌዎች አሁን በእሱ ሳቁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

አሁን ድግሱ አልቋል፣ ዲኤክሷ አልነሳም ብላለች። ካንዴላዎቹ ጥላሸት ለብሰዋል፤ መፍቻው በአባቴ ሳጥን ውስጥ ጎንደር ቀርቷል። መኪናው ውስጥ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ደሳለኝ መጎተቻ ገመድ ይዞ መስኮቴ አጠገብ ቆሟል። አልለመንኩትም። ፊቱን ገና አልታጠበም። እስቲ ትንሽ ይቁም።