ስሙ ብቻ የተረፈ የክትባት ካርድ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ያን ሁሉ ሰዓት መቀመጥ ቻለልህ? ባለቤትህን ጉንፋኑ ለቀቃት? ትንሿስ ጥርስ አወጣች? እኛ ሁላችን ደህና ነን፤ እኔ ብቻ በንዴት ልፈነዳ ነው፣ የተናደድኩትም ባንተ ነው።

በስልክ ስነግርህ ስለሳቅህ አሁን ቁጭ ብለህ አንብበው። ማክሰኞ ክሊኒኩ ካርድ ክፍል ገብቼ የአርባ አንድ ሕፃናት የክትባት ካርድ ኮምፒውተሩ ላይ ስጽፍ አረፈድኩ። በእያንዳንዱ «ተቀምጧል» ይለኛል። አንተም «እትዬ፣ ተቀምጧል ካለሽ አለቀ፣ ወረቀት ምን ያደርግልሻል?» ብለኸኝ ስለነበር ጽፌ የጨረስኩትን የወረቀት ካርድ እየቀደድኩ ጣልኩ። ጽዳቷ ከቆሻሻው ጋር አቃጠለችው። ስድስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ሲመጣ የአርባ አንዱም ስም ተደርድሯል፤ ሲከፈት ግን ባዶ! አንዲት ፊደል የለችበትም።

የጥገናው ሰውዬ እንዳስረዳኝ፣ ማሽኑ የጻፍኩትን ለጊዜው ሜሞሪ በሚሉት ይይዘዋል፣ ዲስኩ ላይ የሚገለብጠው ቆይቶ ነው። በራሱ ማስታወሻ ደብተር ግን «እንዲህ የሚባል ፋይል አለ» ብሎ ስሙን ቀድሞ ይመዘግባል። «ይህንን የማሽኑን ፕሮግራም የሚሠሩት እነወንድምሽ ናቸው» አለኝ። ታዲያ ሳትገለብጡ «ተቀምጧል» ማለት ዓይን ያወጣ ውሸት አይደለም? አንተ ደግሞ ሳታፍር «ስህተት አይደለም እትዬ፣ ለፍጥነት ነው፤ ቢበዛ የሠላሳ ሴኮንድ ጽሑፍ ቢጠፋ ነው» አልከኝ። ማን አሳደደኝና ነው ፍጥነት? ደግሞስ ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ሠላሳ ሴኮንድ ነው? ሳቅህ የቆመው ይህን ስልህ ነው።

አለቃችን በሰው ፊት «ስም ብቻ እየከፈትሽ ስታወሪ አርፍደሽ ነው» አለችኝ። ወሬ እወዳለሁ፣ አልክድም፤ እጄ ግን አይቆምም። ሐሙስ አንዲት እናት ልጇን አዝላ መጥታ «ሦስተኛውን ክትባት ወግታችኋታል ወይስ አልወጋችኋትም?» ስትለኝ መልሼ እሷኑ ጠየቅኳት።

ማሽኑ ውስጥ ያለውን አጥፍተው ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ሊጭኑበት ሲሉ እንቢ ብዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ፤ ቁልፉ ጡት መያዣዬ ውስጥ ነው፣ ማን እንደሚወስደው አያለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ ጥፋቱ ካልተገኘ ከሥራ ትሰናበቻለሽ ተብያለሁ። ጽሑፉ አራት ሰዓት ሙሉ የት ተወትፎ እንደቀረ ፈልገህ አግኝ፤ ለጥገናው ሰውዬ ብቻ እከፍትለታለሁ፣ በኢንተርኔት ያገናኝልሃል። ከዚያ ለአለቃዬ «እሷ ጽፋለች፣ ያልጻፈው ማሽኑ ነው» ብለህ ፈርመህ ላክላት። እኔ በበኩሌ ስሞቹን ይዤ ቤት ለቤት እናቶቹን እየጠየቅኩ ነው፤ አሥራ ሰባቱን ሞልቻለሁ፣ በእስክሪብቶ።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፣ ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። ባለቤቴና ልጆቹ ናፍቀውሃል። እማዬ «አይዞህ በዪው» ብላለች፤ እኔ አላልኩም። አንተን የምስምህ ጥፋቱ ሲገኝ ነው።

እህትህ
ከካርድ ክፍል፣ ቅዳሜ ኅዳር ፲፫ ቀን