ውሃ የምትጠጣው ላንድክሩዘር

ጥቅምት 11 ቀን 1996

ዛሬም ዳገቱ ላይ ቆመች። ከቆላው ከአበርገሌ ማሽላ ጭኜ ስመጣ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ሙቀት መለኪያው ቀዩ ውስጥ ገባ። ኮፈኑን ስከፍተው እንፋሎት። ተሳፋሪዎቹ ወርደው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አንዷ ሴትዮ «በአህያ ብመጣ እስካሁን ገብቼ ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ማታ ሐጂ ሰላሕ ሱቅ ገባሁ። መኪናዋ የሳቸው ናት፤ እኔ ሾፌርም መካኒክም። «የሻምበል፣ ልሸጣት ነው» አሉኝ። አበርገሌ ሱቅ ሊከፍቱ ነበር። ወደዚያ ሸቀጥ፣ ወደዚህ ማሽላና ቆዳ። «ጭና የማትወጣ መኪና ይዤ ምን ሱቅ እከፍታለሁ?»

ያንን ሱቅ የምትይዘው እህቴ ምስራቅ ነበረች። አሥረኛ ከጨረሰች ጀምሮ ደላላው ቤት እየተመላለሰች ነው። ቤይሩት... «ሱቁ ከተከፈተ አልሄድም» ብላኛለች። ቃሏን አውቀዋለሁ፣ አታጥፍም። ካልተከፈተም አታጥፍም።

ጥቅምት 13

ሌሊቱን ሳስብ አድሬ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አዲስ አበባ ጋራዥ ስሠራ ያየሁት። ተርቦው ወደ ሞተሩ የሚነፋው አየር በጣም ሲግል ነው ጣጣው። ውሃና ሜታኖል ቀላቅሎ እንደ ጉም ሲረጩበት ይቀዘቅዛል። ሞተሩም እፎይ ይላል። ይቺም ተርቦ ናት፣ ናፍጣውን በቀጥታ የምትረጭ። ለምን አይሆንም?

ሐጂ ጋ ሄድኩ።

«ሜታኖል ደግሞ ምንድነው?»

«አልኮል ነው።»

«አስተግፊሩላህ! የኔ መኪና አረቄ ልትጠጣ?»

«ኧረ ሐጂ፣ የሚጠጣ አይደለም። የቀመሰው ሰው ዓይኑ ይጠፋል፣ ይሞታል። መርዝ ነው።»

ትንሽ አሰቡና «መርዝ ከሆነማ ይሁን» አሉ። ልጃቸው ሚፍታሕ ከአዲስ አበባ ይልክልኛል። እስኪያልቅልኝም ሊጠብቁኝ ተስማሙ። ቤቴ እስክደርስ ብቻዬን ሳቅሁ። ሰው አይቶኝ ከሆነ አበደ ብሏል።

ጥቅምት 29

ሜታኖሉ ደረሰ። ጀሪካኑ ላይ በቀይ ቀለም «መርዝ» ብዬ ጻፍኩ። ማንበብ ለማይችል ደግሞ የሰው ራስ ቅል ሳልኩ። ምስራቅ አይታ «ፍየል እንዳይጠጣ ነው?» አለችኝ። እውነትም ፍየል ይመስላል። ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ።

ስትስቅ እናታችንን ትመስላለች። ቤይሩት ማን ያስቃታል?

ኅዳር 3

ገጠምኩ። ጋኑ የመኪና መስታወት ማጠቢያ ውሃ የሚያዝበት ነው። ፓምፑም የመስታወት ማጠቢያ፣ አንዱ አቅም ሲያንሰው ሁለት አከታተልኩ። መርጫ አፍንጫው የተባይ መድኃኒት ከሚረጩበት የተፈታ። ቀዳዳዋ የመርፌ ጫፍ ታክላለች። ውሃው ክረምት ከቆርቆሮው በበርሜል ያጠራቀምነው ዝናብ ነው። የዚህ አገር የምድር ውሃማ አይሆንም፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ኖራ ሲጋግር እናያለን።

እትዬ ወለተ ሐና ቆመው ሲያዩ ዋሉ። የእናታችን እህት ናቸው፣ ያሳደጉን እሳቸው። «በየት ነው የምትጠጣው?» አሉኝ። ክዳኑን ከፍቼ አሳየኋቸው። በአፍ መፍቻቸው በኽምጣኛ አጉተመተሙ። መመረቃቸው ነው።

ኅዳር 5

ባዶዋን ሞከርኳት። ወጣች! መለኪያው መሃል ላይ ቀጥ ብሎ... ዳገቱ ጫፍ ላይ አቁሜ ወርጄ ጎማዋን መታ መታ አደረግኩት።

ባዶዋን ነው ግን። አትቸኩል፣ የሻምበል።

ኅዳር 12

ሚካኤል። በዓል ስለሆነ መኪናዋን አልነካኋትም። እትዬ ጠበል ሄደው ዋሉ፤ ማታ በጀሪካን ይዘው ተመለሱ። ፊታቸው በርቷል። ምን እንዳስደሰታቸው ብጠይቅ «ይሆናል፣ ልጄ፣ ይሆናል» ብቻ አሉኝ።

ሐጂ በሚቀጥለው ሳምንት አብረውኝ አበርገሌ ሊወርዱ ነው። ጭና ከወጣች ሱቁ ይከፈታል። የምስራቅ ፓስፖርት መጥቷል። አልጋዋ ስር አየሁት።

ኅዳር 18

አለቀልኝ።

ሙሉ ማሽላ ጫንን፣ ሐጂ ጎኔ ተቀመጡ። የዳገቱን ሲሶማ በደንብ ወጣች። «ማሻአላህ» አሉ ሐጂ። ከዚያ መለኪያው መውጣት ጀመረ... ፓምፑ ይጮሃል፣ ሙቀቱ አይወርድም። ቆመች። ያው ቦታ፣ ያው ድንጋይ። ሐጂ ወርደው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 19

መርጫውን ፈታሁት። ተደፍኗል። ነጭ ነገር፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንዳለው። ከዝናብ ውሃ ይሄ ከየት ይመጣል? ራሴን ልመታ ምንም አልቀረኝ። ጋኑን ስገለብጠው ታቹ ሁሉ ነጭ።

ቤት ገባሁ። እትዬ ጥግ ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። «ጠበሉን ጨምሬላት ነበር እኮ» አሉኝ። «በሚካኤል ማግስት፣ አንተ ሳታይ፣ በሥላሴ ስም ሦስት ጊዜ። መኪናዋ ዳገቱን ወጥታ ምስራቄ እንዳትሄድብኝ ብዬ። የኔ ኃጢአት ነው ያስቀረው።»

ከድንጋይ ሥር የሚፈልቅ ጠበል... ነጩ ነገር እሱ ነው። ከሜታኖሉ ጋር ተቀላቅሎ ስድስት ቀን ሲከርም ረግቶ መርጫውን ደፈነው።

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። እንዴት ብዬ? በፍቅር ያፈሰሱትን? «የእርስዎ ኃጢአት አይደለም፣ እትዬ። የኔ ሥራ ነው የተበላሸው» አልኳቸው። አላመኑኝም።

ኅዳር 20

ሐጂ ጋ ሮጥኩ። «አጽድቼዋለሁ፣ አሁን ትወጣለች፣ አንድ ዕድል ብቻ!»

«ምን ነበር የደፈነው?»

«የኔ ጥፋት ነው።»

አዝነውልኛል፣ እሱ ነው የባሰብኝ። አበርገሌ ለሱቅ የያዙትን ቤት ለሌላ ነጋዴ ለቀውታል። መኪናዋንም ወልድያ ላለ ሰው ሸጠዋል። «ቃል ሰጥቻለሁ፣ የሻምበል።» አድርሼ የማስረክባት እኔው ነኝ።

ለምስራቅ ነገርኳት። «እሺ» አለች።

ታኅሣሥ 9

ሻንጣዋን አስራለች። በመኪናዋ ወልድያ አደርሳታለሁ። ነገ።

ታኅሣሥ 12

ተመለስኩ። በእህል መኪና ላይ፣ ከጆንያ ጋር።

የሆነውን ልጻፈው። በሄድንበት ጠዋት እትዬ አንድ ጠርሙስ ጠበል ሰጡኝ። «ለመንገዱ። ለመኪናዋም ጨምርላት፣ በሰላም ታድርሳት።» ምስራቅ ጎረቤቶቿን ስትሰናበት ኮፈኑን ከፈትኩ። ጠርሙሱን ጋኑ ውስጥ ገለበጥኩት፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ። እንዲደፍነው ብዬ ነው። በወልድያ መንገድም ዳገት አለ፤ እዚያ ላይ እንድትቆም። ብትቆምስ? አንድ ሌሊት መንገድ ላይ እናድር ነበር እንጂ ሌላ ምን ይመጣል? አውቃለሁ። ቢሆንም ገለበጥኩት።

ዳገቱን ጀመርን። ዓይኔ ከመለኪያው አልተነቀለም። ሻንጣ ብቻ ስለነበር ይሁን፣ ጠበሉ ትንሽ ስለሆነ ይሁን... እንጃ። መሃል ላይ ቀጥ አለ። አንዴም አልተነቃነቀ። እንደዚያ ቀን ሄዳ አታውቅም። ምስራቅ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ «አየህ፣ ሠርተሃታል» አለችኝ። የማለቅስ መሰለኝ። መስኮቱን ከፈትኩ፣ አቧራ ነው አልኳት።

ወልድያ አውቶቡስ ላይ ወጣች። ቁልፉን ለሰውዬው አስረከብኩ። መርዙንም ከነፍየሉ።

እትዬ ደጅ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ገና ሳልቀመጥ፣

«መንገድ ላይ ቆመች?»

«አልቆመችም።»

«ጠበሉን ጨመርክላት?»

«ጨመርኩ።»

ከስንት ቀን በኋላ ፊታቸው በራ። እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አመሰገኑ።

«ሠራ በለኛ!»

«ሠራ፣ እትዬ» አልኳቸው።