ሁለቴ የሚረገጥ ፍሬን

ይድረስ ለአባቴ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። የአንተን ጤና መጠየቅ ስለማልችል የራሴን ልንገርህ፤ ደህና አይደለሁም፣ ተናድጃለሁ። የሄድከው ገብሱ አውድማ ላይ ሳለ ነበር። አሁን ክረምቱ ገብቶ የሰፈራችን መንገድ ጭቃ ሆኗል፣ የእኔ ንዴት ግን ያን ዕለት እንደነበረ ነው። በሕይወት ሳለህ አንቱ ነበር የምልህ። ዛሬ አንተ ስልህ ድፍረት ነው፣ አውቃለሁ። አንቱ እያልኩ መናደድ ስላልሆነልኝ ነው።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። እማዬ ጥቁር ልብሷን ገና አላወለቀችም። እኔ አሁንም መካነ ኢየሱስ ከተማ መናኸሪያው አጠገብ ባለችው ጠባብ ሱቅ ኮምፒዩተር እጠግናለሁ፣ መብራት ሲኖር ማለቴ ነው። ከጓዳው አጠገብ ያለው ክፍል እንደተውከው አለ። አንተና እኔ የሠራነው የእንጨት ጋቢናም መሃሉን ይዞ ቆሟል። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ሁሉ አንገቱን እያሰገገ ያየው ነበር፣ እማዬም «የአባትና የልጅ መጫወቻ ነው» እያለች ታልፈው ነበር። መጫወቻ መሆኑስ መጫወቻ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ለመጫወቻው የተጨነቅከውን ያህል ለራስህ አለመጨነቅህ ነው።

ትዝ ይልሃል አጀማመራችን? መንገድ ተዘግቶ የምትነዳው የጭነት መኪና ያለ ሥራ የቆመበት ጊዜ ነበር። አንተ ቤት መዋል አቅቶህ የማይፈርሰውን አጥር ታፈርስ፣ የማይጠገነውን በር ትጠግን ነበር። እኔ ደግሞ መንዳት አስተምሩኝ እያልኩ እነዘንዝህ ነበር፣ አንተም በሰው መኪና ልጄን አላለማምድም ብለህ ድርቅ አልክ። አንድ ቀን ከደብረ ታቦር ስልኬ ላይ ይዤው የመጣሁትን ቪዲዮ አሳየሁህ። ሰዎች ቤታቸው ውስጥ የሹፌር ወንበር ሠርተው፣ መሪና ፍሬን ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝተው በስክሪን ላይ እሽቅድድም ይነዳሉ። እስከ መጨረሻው አየህና «ታዲያ የት ነው የሚደርሱት?» ብለህ ጠየቅከኝ። በሚቀጥለው ጠዋት ግን አጣና ስትመርጥ አገኘሁህ።

ተሠርቶ የሚሸጠውን ለመግዛት አንድ ጥማድ በሬ አይበቃም። እኛ ያለንን ለቃቀምን። እግሩንና አግዳሚውን በባሕር ዛፍ አጣና መታን። ወንበሩ አንተ ከምትነዳው መኪና ወልቆ በባለመኪናው መጋዘን ጀርባ ዝናብ ሲመታው የነበረው አሮጌ ወንበር ነው፣ አስፈቅደህ በጋሪ አስመጣኸው። መሪውን ከጋራዥ ከተጣለ መኪና አገኘህ፣ በኩሽኔታ አስቀምጠህ እንደ ልብ እንዲዞር አደረግከው። የእኔ ድርሻ የውስጡ ነበር። ከተበላሸ ጆይስቲክ የወጣውን ሰሌዳ ከአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያዎች ጋር በየዳሁና አንዱን ከመሪው፣ ሌሎቹን ከፔዳሎቹ ጋር አገናኘሁ። ድምፅ መጨመሪያው ምን ያህል እንደዞረ ኮምፒዩተሩ ያነባል፣ ስክሪኑ ላይ ያለው መኪናም ያንኑ ያህል ይታጠፋል። እማዬ ቴሌቪዥኗን ስንወስድባት አኮረፈች፣ በኋላ ግን በሩ ላይ ቆማ የምታየው እሷው ሆነች።

ፍሬኑ ላይ ግን መከራዬን አሳየኸኝ። መጀመሪያ ፔዳሉን በበር ማጠፊያ አስሬ ከሥሩ የአሮጌ ሶፋ ሞላ አደረግኩበት። አንዴ ረገጥክና «ይኸ ፍሬን ነው ወይስ ሊጥ?» ብለህ ወረድክ። ሞላውን በጠንካራ ለወጥኩት፣ አሁንም አይሆንም አልክ። ተናድጄ ይሄ ጨዋታ ነው፣ ማንም አይሞትበትም አልኩህ። ያን ጊዜ ራስህ ቢላዋ አንስተህ ያረጀ የመኪና ጎማ ቆራረጥክ፣ ቁራጮቹን ደራርበህ በሽቦ አስረህ ከፔዳሉ ሥር ከተትክ። ሲረገጥ ብዙ አይሄድም፣ እግርን ገፍቶ ይይዛል እንጂ። እግሬን አስረገጥክና «ፍሬን መልስ ሊሰጥሽ ይገባል። መልስ ካልሰጠሽ መኪናውን አታስነሺ» አልከኝ። ይህን ቃል የተናገርከው አንተ ነህ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ንዴቴ ግማሹ በቀለለልኝ።

ያ ጊዜ ደስ ይል ነበር፣ አልክድም። ከመነሳትህ በፊት አማትበህ ነበር የምትነዳው። ሌሎቹ መኪናዎች ጥለውህ ሲበሩ አንተ በማታውቀው የፈረንጅ ጫካ መሃል እንቁላል የጫንክ ይመስል ትሄዳለህ። ክላክስ ስላላበጀንለት ጥምዝማዙ ላይ ስትደርስ በአፍህ «ጲጵ፣ ጲጵ» ትላለህ። ቁልቁለት በማርሽ እንጂ በፍሬን እንደማይወረድ ያስተማርከኝም እዚያው ላይ ነው። ሁልጊዜ መጨረሻ ትወጣለህ፣ ስክሪኑ መጨረሻ መሆንህን ሲጽፍልህ «ተመስገን፣ በሰላም ገባን» ትላለህ። እማዬም ከጓዳ ሆና «ደረሳችሁ?» ትላለች። እኔ እንባዬ እስኪወርድ እስቅ ነበር።

ከዚያ መንገዱ ተከፈተና ወደ ሥራህ ተመለስክ። ሰብል ስለደረሰ ጭነት በጭነት ሆነ፤ ዛሬ አርብ ገበያ፣ ነገ ስማዳ። አንድ ቀን ከሥራ ስትገባ ወንበሩ ላይ ወጣህና መንዳት ጀመርክ። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ፍሬኑን ሁለቴ ረገጥከው። የሚቀጥለውም ላይ ሁለቴ። የእኛ ፍሬን በአንድ ርግጫ ነው የሚይዘው፣ አንተው ነህ እንደዚያ ያደረግከው። ለምን ሁለቴ ይረግጣሉ ብዬ ጠየቅኩህ። «ልማድ ነው» አልክ። ማን እንዳስለመደህ ስጠይቅህ ደግሞ አርፈሽ ተቀመጪ አልከኝ። አላረፍኩም። እየደጋገምኩ ሳስጨንቅህ የመኪናው ፍሬን ከላላ መሰንበቱን፣ ካልደጋገሙት እንደማይዝ፣ ለባለመኪናውም ነግረኸው ከሰብሉ በኋላ እናሠራዋለን እንዳለህ አወጣህ። እንግዲያው አይሂዱ አልኩህ። እማዬም አለችህ። አንተ ግን አንገትህን ደፍተህ «የክርስትና እናትሽን ባል በየት አፌ ነው እምቢ የምለው?» አልክ።

አባዬ፣ እኔ የምልህ፣ የእኔ ክርስትና ምን አደረገህ? ሚስቱ ስላነሳችኝ አንተ ፍሬን በሌለው መኪና የስማዳን ቁልቁለት ልትወርድለት ተዋውለሃል? ለአንድ የጎማ ቁራጭ ከእኔ ጋር ስትጨቃጨቅ የዋልክ ሰው እሱ ፊት ሲደርስ አፍህን ምን ዘጋው? ይሉኝታ ነው። ሰው ጨዋ ነው ይልሃል፣ አንተም ጨዋ እንደተባልክ ገደል ትገባለህ። ስንት ጊዜ በሐሳቤ እጅህን ይዤ ጎትቼሃለሁ።

ከሁሉም የሚያበግነኝ ግን ረዳትህ የነገረኝ ነው። ከቀብርህ መልስ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ተደግፎ ሲያለቅስ አገኘሁት። ያን ዕለት ጠዋት «ጭነቱ ቀላል ነው፣ አንተ ዛሬ ቅር» ብለህ አስቀረኸው። ጭነቱ ቀላል አልነበረም፣ እስከ አፉ ገብስ ነበር። አውቀሃል ማለት ነው። ለሰው ልጅ አዝነህ አስቀረኸው፣ የእኔን አባት ግን ይዘኸው ሄድክ።

መኪናው ቁልቁለቱ ላይ አልያዝ ብሎ ከገመገሙ ጋር ተላተመና በአንተ በኩል ተገለበጠ። ሰዉ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዞ መጣ፤ ቀኑ ደርሶ ነው። ካህኑም፣ ጎረቤቱም፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰውም። ቀኑ አልደረሰም፤ ፍሬኑ ነው የላላው ብዬ ብናገር እማዬ በክንዷ ጎሸመችኝ። ባለመኪናው ከሁላችን አብልጦ አለቀሰ፣ ለተዝካርህም ሰንጋ ነድቶ መጣ። ፍሬን ለማሠራት ጊዜ ያጣ ሰው ሰንጋ ለመንዳት ጊዜ አላጣም። ሰው በልቶ መረቀው። እኔ ከዚያ ሥጋ አልቀመስኩም።

አሁን ወደ ጻፍኩበት ነገር ልምጣ። በቀደም መኪናው ታድሶ፣ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ደጃችን መጥቶ ቆመ፤ የጋራዡ ሠራተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነድቶ አድርሶት ሄደ። ባለመኪናው፣ የክርስትና እናቴና መኪናውን ገና ያልነዳው አዲሱ ሹፌር አብረው ነበሩ። ሹፌሩ ከስማዳ የመጣ፣ የልጆች አባት የሆነ ረጋ ያለ ሰው ነው። ጋቢናው ውስጥ የነበረው ወንበር ከአንተ ጋር ስለተጨፈለቀ አሮጌውን ወንበር ፈልገው ነው የመጡት፤ እኛ ቤት ያለውን፣ የጋቢናችንን። የመኪናው ንብረት ነው፣ ያለ ሥራ ተቀምጧል አሉ። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስጫቸው አለችኝ። ሳያት አንተን መሰለችኝ፣ በዚያው አንገት መድፋት።

እሺ አልኩ፣ ሹፌሩ ራሱ ገብቶ ይፍታው። ቁልፍ ይዞ ገባ። ከመፍታትዎ በፊት ይውጡና ይቀመጡ አልኩት። ግር ብሎት ተቀመጠ። ፍሬኑን ይርገጡት አልኩት። አንዴ ረገጠ፣ እግሩን ቁልቁል አየው፣ ቀስ ብሎ ደግሞ ረገጠ። «ማነው የሠራው?» አለኝ። ያንን መኪና ከእርስዎ በፊት ይነዳ የነበረ ሰው ነው አልኩት። መልስ ካልሰጠሽ አታስነሺ ያልከኝንም ነገርኩት። አንድም ብሎን ሳይነካ ወረደና ወደ ውጭ ወጣ፣ እኔም ተከተልኩት።

መኪናው ላይ ወጥቶ አስነሳው። ባለመኪናው ለወንበሩ ጭነት ወደ በሩ ሊያስጠጋው መስሎት መንገድ ይለቅ ጀመር። እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። ቀዩ የፍሬን መብራት በራ፣ ጠፋ፣ ደግሞ በራ። ሁለቴ ረገጠው ማለት ነው። ቀለሙን ቀይረውታል፣ ቆርቆሮውን አቃንተውታል፣ ፍሬኑ ግን የአንተው ፍሬን ነው። አጥሩን ያዝኩ።

ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ፍሬኑ አይዝም አለ፣ በቀስታ። ባለመኪናው እየሳቀ ይሄ ቀላል ነው፣ ክረምቱ ሲወጣ እናሠራዋለን ብሎ ጀመረ። አልጨረሰም። አይሆንም ብዬ ጮህኩበት። የክርስትና እናቴ ፊት፣ ጎረቤት እየሰማ። አባቴም ከሰብሉ በኋላ ተብሎ ነው የሞተው፣ አውቀህ ነው የላክኸው፣ አውቆ ነው የሄደልህ፣ ወንበሩንም አታገኘውም አልኩት። በሕይወቴ ትልቅ ሰው አንተ ስል የመጀመሪያዬ ነበር። ግን አልተመለስኩም። ያን ጊዜ ስጫቸው ያለችው እማዬ ተነሥታ የክፍሉ በር ላይ ሄዳ ቆመች፣ ሁለት እጇን መቃኑ ላይ አድርጋ። አባዬ፣ ብታያት!

ሹፌሩ የመኪናውን ቁልፍ ኮፈኑ ላይ አስቀምጦ በእግሩ ወደ መናኸሪያ ሄደ። የክርስትና እናቴ እስከዛሬ አላነጋገረችኝም። ሰፈሩ ስድ ሆናለች፣ አባቷ ቢኖር ይህ አይሆንም ነበር ይላል። እውነታቸውን ነው፤ አንተ ብትኖር አይሆንም ነበር፣ አንተማ እሺ ብለህ ወንበሩን ተሸክመህ ትጭንላቸው ነበር። መኪናው ደጃችን ላይ ዝናብ እየመታው ነው። ባለቤቱ ሌላ ሹፌር ፈልጎ ያመጣ ይሆናል። ያም ይምጣ፣ መጀመሪያ እኛ ቤት ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፍሬኑን ረግጦ ይሄዳል።

እንደማልረሳህ ቃል እገባልሃለሁ። ግን እንደሌላው ሰው ቀኑ ደርሶ እያልኩ አላስታውስህም። ደግነትህንም ገና ይቅር አላልኩትም። አንተን የማስታውሰው በዚያ በጎማው ፍሬን ነው። ከሥራ ስመለስ፣ መብራት ካለ፣ ወንበሩ ላይ ወጥቼ አማትቤ እነሣለሁ። ቁልቁለቱን በማርሽ እወርዳለሁ፣ ጥምዝማዙ ላይ በአፌ ጲጵ እላለሁ፣ ፍሬኑን አንዴ እረግጠዋለሁ፣ መልስ ይሰጠኛል። እኔም እንደ አንተ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው የምገባው።

እማዬ ዛሬም ከጓዳ ሆና «ደረሳችሁ?» ትላለች፣ አፏ አልተወውም። እኔ ደርሻለሁ። አንተም እኮ ትደርስ ነበር አባዬ፤ አንድ «አይሆንም» ብቻ ነበር የጎደለህ።

ልጅህ ስንዱ